ቤዙ የት ሄደ?

ለዓመታት ጥፋቱ የኢርፎኑ ይመስለኝ ነበር።

ኢርፎኑ የወንድሜ ነው። አንዱ ጆሮ በደንብ ይሠራል፤ ሌላው የሚሠራው ሽቦውን አጠፍ አድርገው በጣት ሲይዙት ብቻ ነው። ደህነኛውን እሱ ይወስዳል፣ የታመመው የእኔ ነው። እሱ አሥራ ስምንት፣ እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ። ጊዜው 2000 ዓ.ም. ነው፤ ከተማው በሙሉ ስለ ሚሊኒየሙ ያወራል፣ እኛ አልጋ ላይ ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን ሜታሊካ እንሰማለን። ሙዚቃው የመጣው ከሰፈራችን ኢንተርኔት ቤት ነው። ባዶ ሲዲ ይዘን ስንሄድ ልጁ የባንዱን የሃያ ዓመት ሥራ ጠቅጥቆ ገልብጦ ሰጠን፤ የዘፈኖቹ ስም ግማሹ ተቆርጧል፣ ቅደም ተከተላቸውም ተዘበራርቋል።

ሦስተኛ አድማጭም ነበረን። የጎረቤት ልጅ ነው፣ የወንድሜ እኩያ። ለእሱ የሚተርፍ ጆሮ ስለሌለ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ፊታችንን ያያል። «አሁን ምን እያለ ነው?» ይላል። ወንድሜ በሚያውቃት እንግሊዝኛ ይተረጉምለታል፤ የማያውቀውን ይፈጥርለታል።

ከሲዲው ዘፈኖች መካከል አንዳንዶቹ ከሌሎቹ ይለያሉ። ይደርቃሉ። «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» ሲመጣ ጆሮዬ ውስጥ ቤት የሚያህል ነገር ይቆማል፤ እነዚህ ሲመጡ ግን ጊታሩ ቢላ ነው፣ ድራሙ በቆርቆሮ ክዳን ላይ እንደሚጣል ጠጠር ቷ ቷ ይላል፣ ከሥር ምንም የለም። አንድ ቀን ወንድሜን «ቤዙ የት ሄደ?» አልኩት።

«ሽቦውን በደንብ ያዢው» አለኝ።

ያዝኩት። ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል።

*

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የቤታችንን ታሪክ ሳወራ ብቻ «ዓ.ም.» እላለሁ።)

እነዚያ ደረቅ ዘፈኖች የአንድ አልበም ልጆች ናቸው፤ በ1988 የወጣው «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል»። ኢርፎኔ ጤነኛ ነበር ማለት ባልችልም በዚህ ጉዳይ ግን ንጹሕ ነው። ቤዙ አልበሙ ላይ የለም። ማለቴ፣ ተቀድቷል፣ ተጫዋቹም ስሙ ሽፋኑ ላይ አለ፤ ሚክስ ሲደረግ ግን እስከማይሰማ ድረስ ተቀንሷል። ከሚክሲንግ ባለሙያዎቹ አንዱ የሆነው ስቲቭ ቶምሰን፣ ቤዙን እንዲቀንስ የጠየቀው ድራመሩ ላርስ ኡልሪክ እንደነበር በተለያዩ ቃለ መጠይቆች ተናግሯል። ሌላም ምክንያት ይነሣል፤ ቤዙ ጊታሩን ኖታ በኖታ ተከትሎ ስለተጫወተና የጄምስ ሄትፊልድ ጊታር የታችኛውን ድምፅ ራሱ ስለሞላው፣ ለቤዙ የተረፈ ቦታ አልነበረም። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ውጤቱ ያው ነው።

ከዚህ በስተጀርባ ሞት አለ። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ክሊፍ በርተን ነበር። ባክ የሚወድ፣ የሙዚቃ ቲዎሪ የሚያውቅ፣ ቤዝን እንደ ሊድ ጊታር የሚጫወት ሰው። መስከረም 27 ቀን 1986 ሊነጋጋ ሲል በደቡብ ስዊድን፣ ዩንግቢ ከተማ አቅራቢያ የሚጓዙበት አውቶቡስ ተገለበጠና ሞተ። 24 ዓመቱ ነበር።

እኛ አገር ቢሆን ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ አርባ ይወጣል፣ ተዝካር አለ። እነሱ ጄሰን ኒውስተድ የሚባል ልጅ መርጠው በርተን በሞተ በ42ኛው ቀን ካሊፎርኒያ ውስጥ መድረክ ላይ ወጡ። አልፈርድም። ሃያዎቹ ውስጥ ያሉ ሦስት ልጆች ናቸው፤ ከሥራ ሌላ የሚያውቁት ማልቀሻ አልነበራቸውም። ግን ያልወጣ ሐዘን የትም አይሄድም። ኒውስተድን ያሾፉበት፣ ያገልሉት፣ ያሰቃዩት እንደነበረ ባንዱ ራሱ ከዓመታት በኋላ አምኗል፤ ሐዘናችንን በእሱ ላይ ተወጣነው ብለዋል። በዚህ ዓይን ሲታይ «ጀስቲስ» የለቅሶ አልበም ነው፤ ያውም ለቅሶውን የሚክድ። የሞተው ሰው መሣሪያ በሕይወት ባለ ሰው እጅ እንዳይሰማ የተደረገበት።

በ2018 አልበሙ እንደገና ሲታተም አድናቂው ሁሉ ተስፋ አድርጎ ነበር። ግን የተሠራው ሪማስተር ነው፤ ያለቀውን ሚክስ ማጽዳትና ማጉላት ማለት። ቤዙን ለማውጣት ወደ ተለያዩት ቅጂዎች ተመልሶ እንደ አዲስ መቀላቀል ያስፈልግ ነበር፤ ያንን አላደረጉም። እልኸኛ አድናቂዎች ደግሞ ቤዙን በራሳቸው ጨምረው ኢንተርኔት ላይ ለቀዋል። ብዙዎቹን አውርጃለሁ። አንዳቸውም አላረኩኝም፤ የሌላ ሰው ጥርስ ለሟች እንደተከሉ ዓይነት ናቸው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። መድረክ ላይ መስማት። መድረክ ላይ ቤዝ ተጫዋቹ በአካል ቆሟል፤ ማንም ሊደብቀው አይችልም።

*

በመሃል ወንድሜ ሙዚቃውን ተወው።

2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት መሄድ ጀመረ፤ ቀስ በቀስ ጥቁር ቲሸርቶቹ የቤት መወልወያ ሆኑ። ሲዲውን አልሰበረውም፣ አመጣና እጄ ላይ አስቀመጠው። «ይሄ ሁሉ ስለ ሞት ነው የሚያወራው» አለኝ። ከዚያ በገና መማር ጀመረ። ሁዳዴ ሲገባ ማታ ማታ ክፍሉ ውስጥ ይደረድራል። ስለ ምን? ከንቱ ስለሆነው ዓለም፣ ስለማይቀረው ሞት፣ አፈር ስለሚሆነው ሥጋ። ስለ ሞት የሚያወራ ዘፈን ትቶ ስለ ሞት የሚያወራ መዝሙር ያዘ ብዬ ስቄበታለሁ። እሱ አልሳቀም።

ግን በበሩ ስንጥቅ ስሰማው አንድ ነገር ገባኝ። በገና ውስጥ ቤዝ ብቻ ነው ያለው። ያ የሚያንዘረዝረው ድምፅ የሚመጣው እያንዳንዱ ክር ሥር ከሚገባው ከእንዝራው ነው፤ ቆዳው ክሩን ነካ ሲያደርገው ንዝረቱ ይሻክራል። ዲስቶርሽን ማለት እኮ ነው። ንጹሑን ድምፅ ሆን ብሎ ማሻከር፣ ሐዘን እንዲመስል። ለወንድሜ ይህን ስነግረው «አንቺ ምኑንም ከምኑ ትቀላቅያለሽ» አለኝ፤ ሆኖም በማግስቱ እንዝራውን እንዴት እንደሚያስተካክል ጠርቶ አሳየኝ።

የጎረቤታችን ልጅ በ2014 ዓ.ም. ዘመተ። በዓመቱ ያለ ግራ እግሩ ተመለሰ። እኔ በዚያ ጊዜ ለትምህርት ወጥቼ ሮተርዳም ነበርኩ። ጦርነቱን የሰማሁት በስልክ ነው። ወንድሜ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እሱ ጋ ይሄዳል፤ ምን እንደሚያወሩ ግን ጠይቄው አላውቅም።

*

ሜታሊካ «72 ሲዝንስ» የተባለውን አልበም ይዞ የዓለም ጉዞውን የሚጀምረው አምስተርዳም፣ ዮሃን ክራይፍ ስታዲየም እንደሆነ ሳይ አላመንኩም። በባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን። ቀኖቹ ሚያዝያ 27 እና 29፣ 2023። ደንቡም አዲስ ነበር፤ በሁለቱ ምሽቶች አንድም ዘፈን አይደገምም። ሁለቱንም ካላየህ ግማሹን አላየህም ማለት ነው። የእኔ ኪስ የቻለው አንዱን ነው። ሁለተኛውን መረጥኩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቅዳሜ ስለሆነ።

ሐሙስ ማታ የመጀመሪያውን ምሽት ዝርዝር በስልኬ ስከታተል አመሸሁ። አንድ ዘፈን በተጫወቱ ቁጥር ከእኔ ላይ አንድ ይቀነሳል። «ኦራየን» ሄደ። «ፌድ ቱ ብላክ» ሄደ። «ራይድ ዘ ላይትኒንግ» ሄደ፣ «ባተሪ» ሄደ። መጨረሻ ላይ «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» ሄደ። እያለቀስኩ ነበር ብል ውሸት ነው፤ እየተሳደብኩ ነበር። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አየሁት። «ዋን» የለበትም። ተረፈልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ለወንድሜ ቴሌግራም ላይ ትኬቱን ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። «ዛሬ ማርያም ናት» ብሎ መለሰ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «በሰላም ግቢ» አለ።

ስለ መድረኩ ላውራ፤ ምክንያቱም የምሽቱ ግማሽ ደስታና ግማሽ ጣጣ ከእሱ ነው የመጣው። መድረኩ ቀለበት ነው። ሜዳው መካከል ተዘርግቷል፣ የቀለበቱ ውስጥም በሰው ተሞልቷል። ዙሪያውን ስምንት ረጃጅም ማማዎች ቆመዋል፤ ስክሪኑም ድምፁም መብራቱም እዚያ ላይ ነው። በቀለበቱ ላይ አራት ቦታ ድራም ተዘጋጅቷል፣ ኡልሪክ እየተዘዋወረ ይጫወታል። ማይክም በየአቅጣጫው ተተክሏል። ሐሳቡ ፍትሐዊ ነው፤ የኋላ ወንበር የሚባል የለም፣ ሁሉም ፊት ነው። በተግባር ግን ሁሉም የኋላም ነው። አሥራ አምስት ዓመት የጠበቅኩት ሰው ከፊቴ ይመጣል፣ ሁለት ስንኝ ይዘፍናል፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይሄዳል። ሰርግ ላይ ሙሽራው በየጠረጴዛው እየዞረ ሰላም ሲል እንደማለት ነው። ደስ ይላል፣ ግን አልተገናኛችሁም።

ከጎኔ የተቀመጡት ስልሳ የሚሆናቸው ሆላንዳዊ፣ መብራቱ ሳይጠፋ የጆሮ መድፈኛ ከኪሳቸው አውጥተው አንድ ጥንድ ዘረጉልኝ። አመስግኜ መለስኩላቸው። ከታመመ ኢርፎን ጋር ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ጆሮ አልደፍንም።

ከዚያ «ዘ ኤክስታሲ ኦፍ ጎልድ» ተከፈተ። ከ1983 ጀምሮ ሜታሊካ ወደ መድረክ የሚወጣው በዚህ በኤንዮ ሞሪኮኔ የፊልም ሙዚቃ ነው። ዩቲዩብ ላይ ስንቴ እንዳየሁት አልቆጥረውም። ስታዲየሙ በሙሉ ዜማውን ያለ ቃል ሲያዜመው ግን የማላውቀው ነገር ነበር። እዚህ ላይ አለቀስኩ።

*

የመጀመሪያው ሥራ «ዘ ኮል ኦፍ ክቱሉ» ነበር። ቃል የሌለው፣ ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ የሚሄድ፣ በ1984 ከወጣው ሁለተኛ አልበማቸው። ከደራሲዎቹ አንዱ በርተን ነው። ሐሙስንም የከፈቱት በእሱ ዘመን በተሠራው «ኦራየን» ነበር፤ እሱም ያለ ቃል፣ እሱም የበርተን እጅ ያለበት። ሁለቱን ምሽት በሟቹ ሥራ መክፈት ድንገት የሚሆን ነገር አይመስለኝም። ቤዙን ሮበርት ትሩሂዮ ይዞታል፤ ከ2003 ጀምሮ ቦታው የእሱ ነው። ጎንበስ ብሎ፣ ጊታሩን ጉልበቱ ድረስ አውርዶ፣ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን እየሄደ ይጫወታል። ያንን የመጀመሪያ ዝቅ ያለ ድምፅ በጆሮዬ አልሰማሁትም። ኮንክሪቱ ነው የነገረኝ። ከጫማዬ ገብቶ ወንበሩን አልፎ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ቤዝ ማለት ይሄ ነው ለካ።

የቀረውን ሁሉ ላሞግስ አልችልም። ጣሪያው የተሸፈነ ስታዲየም ያስተጋባል፤ ፈጣኖቹ ዘፈኖች ላይ ድራሙ ሁለት ጊዜ ይደርሰኝ ነበር፣ አንዴ ከማማው አንዴ ከተቃራኒው ግድግዳ። ኡልሪክ «ፋይት ፋየር ዊዝ ፋየር» ላይ ከጊታሮቹ ኋላ ቀርቷል። አዲሱ አልበም 77 ደቂቃ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቢቆረጥለት ማንም አይከስም፤ «ዩ መስት በርን!» ሲመጣ ሰው ሁሉ ቢራ ሊገዛ ተነሣ። በሌላ በኩል ሄትፊልድ ስልሳ ሊሞላው ወራት ቀርተውታል፤ ድምፁ የድሮውን ጩኸት ለቋል፣ በምትኩ ወፍራም፣ የደከመው፣ የሚታመን ሆኗል። «ሳኒታሪየም»ን ሲዘፍን የእብዶች ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ሳይሆን ከዚያ የወጣ አባት ይመስላል። «ዊስኪ ኢን ዘ ጃር» የተባለችውን የአይሪሽ ባሕላዊ የመጠጥ ዘፈን ሲጀምሩ ደግሞ ጎረቤቴ ተነሥተው ጨፈሩ፣ እኔንም አስነሡኝ።

«ሃርቬስተር ኦፍ ሶሮው» የ«ጀስቲስ» ልጅ ናት። በመጀመሪያው ምት ሳቅ አመለጠኝ። ያቺ የማውቃት አጥንቷ የወጣ ዘፈን ሥጋ ለብሳ መጣች። ኢርፎኑ ውስጥ የቆርቆሮ ጠጠር የነበረው እዚህ በሬ ነው። «አዎ» አልኩ ለራሴ፣ «እንዲህ መሆን ነበረበት።» የመጣሁበትን ያገኘሁ መሰለኝ።

*

ከዚያ «ዋን»።

ታሪኩን ወንድሜ ለጎረቤታችን ልጅ ያወራለት እንዲህ ነበር፤ ወታደር ነው፣ ፈንጂ መታው፣ እጅ የለውም፣ እግር የለውም፣ ዓይንና ጆሮ የለውም፣ መናገር አይችልም፣ አእምሮው ግን ይሠራል፣ «ግደሉኝ» ይላል። ይህን አልፈጠረውም፤ ልክ ነበር። ምንጩ ዳልተን ትራምቦ በ1939 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው፤ ደራሲው ራሱ በ1971 ፊልም አድርጎታል። ሜታሊካ በ1989 ለመጀመሪያ ጊዜ ቪዲዮ ክሊፕ ሲሠራ የዚያን ፊልም ቁርጥራጭ አስገባበት። ወታደሩ ጭንቅላቱን ትራሱ ላይ እየመታ በሞርስ ኮድ ሊያናግራቸው ሲሞክር ያያችሁ አትረሱትም።

ዘፈኑ የሚጀምረው በጦር ሜዳ ድምፅ ነው። ስታዲየሙ ጨለመ፣ የተቀዳው ተኩስ ተለቀቀ። ሕዝቡ በደስታ ጮኸ።

ትከሻዬ ተሰበሰበ። ጦር ሜዳ ያልነበርኩ ሰው ነኝ፣ ይህን ደግሜ ልናገር። ግን የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ገና ስድስት ወር አልሞላም። ከቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር መጀመሪያ የማስበው ማን ሞተ የሚለውን ነበር። ዙሪያዬን አየሁ፤ ስልኮች ተነሥተዋል፣ ጎረቤቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ብለዋል። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ለተኩሱ አይደለም የጮኹት፤ የሚወዱት ዘፈን ስለመጣ ነው። እኔም ቢሆን ይህን ድምፅ ስንቴ በጉጉት ጠብቄዋለሁ።

ቀጥሎ ንጹሑ ጊታር መጣ፣ ዘገምተኛው ክፍል። እዚህ ላይ ትሩሂዮ ከሥር የሚጫወተውን አልበሙ ላይ ፈልጌ አግኝቼው አላውቅም። ድምፁ ረጋ ያለ ነው፣ ጊታሩን እንደ ሰው ትከሻ ይደግፈዋል። የዚያን ጊዜ ነው ወንድሜ ክፍል በር ላይ የቆምኩ የመሰለኝ። በ1986 ያልተተከለው ድንኳን ያው ተተከለ፣ 37 ዓመት ዘግይቶ፣ ባልቀበሩት ሰው እጅ።

ግን ዘፈኑ እዚያ አይቆምም። ሁለተኛው አጋማሽ አለ። ድራሙና ጊታሩ አንድ ላይ እንደ መትረየስ የሚተኩሱበት፣ ወታደሩ በቁም የተቀበረበትን ገላ የሚረግምበት። ሰው ሁሉ በዚያ ምት ራሱን ይነቀንቃል። ቤዙ ገባበት፤ ኮንክሪቱ ዘለለ፤ ደሜ ሞቀ። ተነሣሁ። እጄን ጨብጬ ከሌላው ሁሉ ጋር እጮሃለሁ። እየጮህኩ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ይህን ስሜት አውቀዋለሁ። ፉከራ ነው።

እኛ ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ቀረርቶና ሽለላ ያለው ሕዝብ፣ ከበሮ ሰውን እንዴት ከተቀመጠበት እንደሚያስነሣ አስተማሪ አያስፈልገውም። ፉከራ ቃሉ ካለቀ በኋላም ገላ ውስጥ ይቀራል። ቃሉ «ዝመት» ቢልም «አትዝመት» ቢልም ደም የሚሞቀው ያው ነው። «ዋን» ጦርነትን የሚረግም ዘፈን ነው፤ መድረክ ላይ፣ ከነቤዙ፣ በጦርነቱ ድምፅ ያስጨፍራል። ሰውየው ግደሉኝ በሚልበት ቦታ ላይ ነው ከምሽቱ ሁሉ የበለጠ የተደሰትነው።

*

በባቡር ስመለስ ያንኑ ዘፈን ከአልበሙ ከፈትኩ። ኢርፎኔ አሁን ደህና ነው፤ ሁለቱም ጆሮ ይሠራል።

ቤዝ የለም። ደረቅ ነው። መትረየሱ ይተኩሳል ግን ምድር አይንቀጠቀጥም፤ ሰው ባዶ ክፍል ውስጥ ሆኖ ግድግዳ የሚደበድብ ይመስላል። ደሜ አልሞቀም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግሞ ለምን እንደማይሞቅ ገባኝ። ይህ ገላ ስለሌለው ሰው የተዘፈነ ዘፈን ነው። ቤዝ ደግሞ የሙዚቃ ገላ ነው፤ በእግር የሚገባው፣ ደረት ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው። ከዘፈኑ ላይ ሲነሣ የሚቀረው ጭንቅላት ብቻ ነው፣ ልክ እንደ ወታደሩ። አልበሙ ላይ ማንም በዚህ ዘፈን ሊፎክር አይችልም፤ የሚቆምበት እግር የለውም።

ይህ ታስቦ የተደረገ ነው አልልም። አልነበረም። በአንድ ልጅ ላይ የተሠራ በደል ነው፤ በደሉ ጥሩ ዘፈን ስለሰጠ ትክክል አይሆንም። የኒውስተድ ቤዝ ቢሰማ «ሃርቬስተር» በእርግጥ የተሻለች ትሆን ነበር፤ ሌሎቹም እንዲሁ። «ዋን»ን ግን ለእኔ ተዉልኝ። አሥራ አምስት ዓመት እንዲሞላልኝ የፈለግኩት ጉድለት ዘፈኑን ከፉከራ የጠበቀው አጥር እንደነበር ያወቅኩት አጥሩ ሲፈርስ አይቼ ነው።

ታዲያ መድረክ ላይ መስማቱ ከንቱ ነበር? በፍጹም። ያንን ዘገምተኛ ክፍል፣ ያንን ከጊታሩ ሥር የቆመ ትከሻ ሰምቻለሁ፤ እሱን ማንም አይወስድብኝም። የኮንሰርት ሐያስያን ብዙ ጊዜ «ቀጥታው ከአልበሙ በለጠ» ወይም «አነሰ» ብለው ይጨርሳሉ። እኔ ያገኘሁት ሌላ ነው። አልበሙ ብቻዬን ስሆን እውነት የሚነግረኝ ዘፈን ነው፤ መድረኩ ደግሞ ያው እውነት በሺዎች መካከል ምን እንደሚሆን አሳየኝ። ሁለተኛውን ማወቅ ደስ አይልም፤ ግን ራሴን አይቼበታለሁ፣ እጄን ጨብጬ።

*

እሑድ ከሰዓት ወንድሜ ደወለ። ከጎረቤታችን ልጅ ቤት ነበር፤ ከኋላው ቴሌቪዥን ይሰማል።

«እሺ፣ ጩኸትሽን ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ያቺን የወታደሩንስ?»

«ተጫወቱት።»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቤዙ ይሰማል?» አለኝ።

እሱም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ደህነኛው ጆሮ የእሱ ነበረ፤ ቤዙ እንደሌለ ከእኔ በፊት ሰምቷል፣ እኔን ሽቦ ያዢ ሲል። ሳቅኩበት። ሁሉንም ልነግረው ጀምሬ ነበር፣ ስለ ተኩሱ፣ ስለ ፉከራው። ስልኩን ስፒከር ላይ እንዳደረገው ሲገባኝ አቆምኩ። ከጀርባ የጎረቤታችን ልጅ ድምፅ መጣ፤ «ቪዲዮ ቀድታ ከሆነ ትላክልኝ በላት። የወታደሩን አይደለም። ሌላ የለም እንዴ? የሚያስቅ ነገር?»

«ዊስኪ ኢን ዘ ጃር»ን ላክሁለት። ሆላንዳዊው ጎረቤቴ ሲጨፍሩ ይታያሉ፣ የእኔ ሳቅ ይሰማል፣ ሄትፊልድ ከሩቅ እንደ ጉንዳን ያህላል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መልስ መጣ። «አሪፍ ናት። ሽማግሌው ገደሉኝ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፤ «ግን ቤዝ የላትም እንዴ?»

ስልክ ቤዝ አይቀዳም ብዬ ጻፍኩለት።